ስልኩ ያንተ ነው፤ ካርዱ ያንተ አይደለም

የአርየትን መሞት የሰማሁት ባሮ ድልድይ ላይ ነው። ከወዲያ ማዶ የመጣ የባጃጅ ሾፌር አጠገቤ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ «አቶ ጌታሁን፣ የካርዷ ሴትዮ አረፈች። ቀብሯ ነገ አቦቦ ነው» አለኝና አለፈ። ስሟን አልጠራም። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቃት «የካርዷ» በሚል ብቻ ነበር። እሷ የብዙ ሰው ስምና ሕመም ታውቃለች፤ የእሷን ስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነበር።

በማግስቱ ወደ አቦቦ ስንሄድ መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ስለ እሷ ያወራ ነበር። አንዱ ግትር ነበረች አለ። አንዷ ደግሞ ኩሩ ነበረች አለች። ክፉ ነበረች ያለ አልነበረም።  ግትርነቷ እውነት ነው። ይህን የምጽፈውም አንድ ቀን ያ ግትርነት እኔ የከፈትኩትን በር ስለዘጋልኝ ነው።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበልና ልተወው። ከደጋ የመጣሁት በወጣትነቴ የእርሻ መጋዘን ልጠብቅ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። የቀረውን፣ ጄኔሬተር መጠገንንም ኮምፒውተርንም፣ ከተጣሉ ዕቃዎችና ሽፋናቸው ከተገነጠለ መጻሕፍት ተማርኩ። አራት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ያሳደግኋቸውም በአንድ ሕግ ነው፤ የተጠየቃችሁትን በእውነት መልሱ። በዚህ ሕግ ምክንያት ከባድ አባት እንደነበርኩ ልጆቼ ይናገራሉ፤ አልክድም። አርየትን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልወደድኳትም በዚሁ ሕግ ነው። እሷ የተጠየቀችውን የማትመልስ ሴት ነበረች። መልስ መከልከል ለእኔ ከውሸት ጋር ጎረቤት ነበር።

አብረን የሠራነው በአንድ የግል ክሊኒክ ነው። እኔ ጄኔሬተሩን፣ የውሃ ፓምፑንና ኮምፒውተሮቹን እይዛለሁ። እሷ ካርድ ክፍል ነበረች። የአቦቦ ልጅ ናት፣ አኙዋክ፣ የወንጌል አማኝ። ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ በሙቀት ጊዜ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሲሚንቶው ላይ ታሳርፍ ነበር። አማርኛዋ አጭር ነበር። አንቱታ አታውቅም፤ ለዶክተሩም፣ ለፓስተሯም፣ ለጥበቃውም አንተ ነበር የምትለው። ማንም ግን አልተቀየማትም፤ አንተ ስትል ሰውን ዝቅ የማድረግ ድምፅ አልነበራትም።

ከመስኮቷ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ በኖራ መስመር አስምራለች። ባለ ወረፋው ከመስመሩ ካለፈ ሥራ ታቆማለች። አትቆጣም። እጇን አጣጥፋ የሰውየውን እግር ብቻ ታያለች። እሱም ወደ እግሩ ያይና ይመለሳል።

ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ነበረች። አንድ ታካሚ መስኮቱ ጋ ቀርቦ ምን እንዳመመው መናገር ሲጀምር ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለች። መዝሙር ከሆነ መዝሙር፣ ዜና ከሆነ ዜና፤ ጣቢያው ከተቋረጠ ደግሞ ያንኑ የሚንሿሿ ድምፅ። የሚጠብቁት ያማርራሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታደነቁሪን ነው እንዴ?»

«አዎ» ትላለች።

ፀጉሯ ውስጥ ሁልጊዜ እርሳስ ይሰካል። በየካርዱ ላይ፣ ከስልክ ቁጥሩ አጠገብ፣ በዚያ እርሳስ ትጽፋለች። «የወንድሟ ስልክ ነው»፣ «የሱቅ ስልክ»፣ «የፓስተር»፣ «አይደወል፤ ሐሙስ ራሷ ትመጣለች»። በእኛ አካባቢ አንድ ስልክ ለአንድ ግቢ ሰው ሁሉ ያገለግላል። ቁጥሩ የተጻፈለት ሰውና ስልኩን በኪሱ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ለምን በእስክሪብቶ እንደማትጽፍ አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ስልክ ይቀየራል» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ባልም ይቀየራል» ብላ ጨመረች።

የመጀመሪያው ጠባችን በእኔው ቤት የመጣ ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን ክሊኒኩ መጥታ፣ «ጌታሁን ደም ግፊቱን ተመርምሮ ያውቃል? ካርድ አለው?» ብላ ጠይቃታለች። አርየት አልነግርሽም አለቻት። ባለቤቴ ወደ ቤት የተመለሰችው ከባድ በሽታ ይዞኝ ደብቄያት እንደሆነ አምና ነው። ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። እኔ ግን ካርድ ጭራሽ አልነበረኝም። ተመርምሬም አላውቅም። ተናድጄ ካርድ ክፍል ገባሁ።

«የለውም ብትያት ምን ነበረበት? እውነቱ እኮ ይኸው ነው!»

«እውነት ነው» አለች። «ግን ዛሬ ስላንተ ‹የለውም› ካልኩ፣ ነገ ለሌላ ሰው ዝም ስል ‹አለው› ማለት ይሆናል። ስለዚህ ለሁሉም ዝም።»

«ካርድ ለሌለውም?»

«ለሌለው ዋናው።»

ያን ጊዜ የግትር ሴት መልስ መሰለኝ። ልኩ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ዶክተሩ፣ የክሊኒኩ ባለቤት፣ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ድረ ገጽ ይኑረን አለ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ደስ አለኝ። አራት ወር ሙሉ እያነበብኩ፣ እየሞከርኩ፣ እያፈረስኩ ሠራሁት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ የሚያውቀውን ሁሉ በላቡ ስላገኘው፣ ያላየው ነገር የቀረ አይመስለውም። እኔም እንዲያ ነበርኩ።

በመጀመሪያ ፎቶግራፎቹን አሳየኋት። የማንም ፊት እንዳይታይ ተጠንቅቄ፣ የሚጠብቁትን ሰዎች ከኋላቸው ነበር ያነሳኋቸው። አርየት ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ ጣቷን ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው አንቀሳቀሰች። ስም አልጠራችም፤ ግን በእያንዳንዱ ላይ ራሷን ነቀነቀች።

«ሁሉንም አውቃቸዋለሁ» አለች።

«ፊት እኮ የለም።»

«ልጅ ያዘለችበት ጨርቅ አለ። የአንገት ጨሌ አለ። ይሄ ሰውዬ አንድ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ አገር ሰው በጀርባ ይታወቃል፣ አቶ ጌታሁን።»

ፎቶግራፎቹን ከገጹ አነሳሁና የባዶ ወንበሮች ፎቶግራፍ ተካሁ። ዶክተሩ ሲያየው፣ «ታካሚ የጠላው ክሊኒክ አስመሰልከው» አለ። ቢሆንም እንዲሁ ተወው።

ሁለተኛው ነገር ካርዶቹ ነበሩ። ዶክተሩ ታካሚዎች ቀጠሯቸውን በስልካቸው እንዲያዩና ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት መልእክት እንዲደርሳቸው ፈልጓል። ስለዚህ ከካርዶቹ ላይ ስም፣ ስልክና የልደት ቀን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። አርየት በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«እርሳሱስ?» አለች።

«የምን እርሳስ?»

«በእርሳስ የጻፍኩት። የት ነው የምትጽፈው?»

«ለእሱ ቦታ የለውም። ስልክ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«ቦታ ሥራለት።»

እሠራለሁ አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ በኋላ ልሠራው አስቤ ነበር። ግን አልሠራሁትም። ልጆቼን በዚህ ዓይነቱ «እሠራለሁ» ምክንያት ስንት ጊዜ እንደቀጣኋቸው እዚህ ላይ መናገር ይገባኛል።

ገጹ ሥራ ጀመረ። በመልእክቱ ላይ የታካሚ ስም እንዳይኖር አድርጌ ነበር፤ በዚህም ኮርቼ ነበር። የሚለው እንዲህ ብቻ ነው፤ «ነገ የቤተሰብ ምጣኔ ቀጠሮ አለዎት። እባክዎ በሰዓቱ ይገኙ።» ከሥሩ የክሊኒኩ ስም አለ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ረፋድ ላይ አንድ ሰው መጣ። ባለስልኩ እለዋለሁ። ሥራውን፣ ሰፈሩንና በቤቱ ያሉትን ሴቶች ቁጥር ቀይሬ ነው የምጽፈው። መዋሸት ስለማልወድ መቀየሬን እናገራለሁ። ወደ ፑኝዶ ሸቀጥ የሚያመላልስ፣ ወንድሞቹንና ቤተሰቦቻቸውን በአንድ ግቢ ሰብስቦ የሚያስተዳድር ሰው ነው እንበል። በግቢው ያለው ስልክ የእሱ ብቻ ነው። እኔ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ነበርኩ፤ በመሀከላችን ያለው ስስ ግድግዳ ነው።

ባለስልኩ የኖራውን መስመር አልፎ መስኮቱ ላይ ስልኩን አስቀመጠ። አርየት ሬዲዮውን ከፍ አደረገች።

«ይሄ ከእናንተ ነው?»

«ከእኛ ነው።»

«ለማን ነው?»

«አልነግርህም።»

«ስልኩ የእኔ ነው!»

«ስልኩ ያንተ ነው፤ ካርዱ ያንተ አይደለም።»

«ቤቴ አምስት ሴቶች አሉ። የትኛዋ ናት መርፌ የምትወጋው? በቤቴ እኔ ሳላውቅ?»

«አልነግርህም።»

«ሚስቴ ካርድ አላት?»

«አልነግርህም።»

«የወንድሜስ ሚስት?»

«አልነግርህም።»

«እናቴስ?»

«አልነግርህም።»

«እናቴ ሰባ ዓመቷ ነው!»

«ሰባም ቢሆናት አልነግርህም።»

የሚጠብቁት ሳቁ። እንዲህ እየጮኸ ሬዲዮው ምንም አልጠቀመም። አንዲት ሴት፣ «ተወው ወንድሜ፣ ይቺ ሴትዮ ለገዛ ፓስተሯም አትናገርም» አለችው። እውነት ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በዚህም ምክንያት ከአርየት ዝምታ ምንም ሊያገኝ አልቻለም። ለአምስቱም ያው መልስ ነው፤ ካርድ ላላትም ለሌላትም። የዓመታት ግትርነቷ ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ያን ጊዜ፣ ግድግዳ ተደግፌ ነው። ደግሞም ልናገረው የሚገባ ነገር አለ፤ ያን ሰውዬ ያመጣው የእኔ መልእክት ሆኖ ሳለ ወጥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው አላልኩም። ተቀምጬ ሰማሁ።

ባለስልኩ ስልኩን አነሳ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ። የአጎቴ ልጅ ኮሌጅ ነው የሚማረው። በስልክ ቁጥር የሚከፈት ገጽ አላቸው ብሎኛል። ዘጠኝ ሰዓት ከክፍል ሲወጣ እናየዋለን» ብሎ ሄደ።

አርየት መስኮቱን ዘግታ ወደ እኔ ክፍል ገባች። ሰዓቱ ስድስት ገደማ ነበር።

«ይከፈታል?»

«ስልክ ቁጥር ብቻ አይበቃም» አልኳት። «የልደት ቀንና ወር ይጠይቃል። ሌላ ሰው ሊያውቀው አይችልም።»

አየችኝ። «የልደት ቀናቸው ስንት ነው?»

መልሱን ከመናገሬ በፊት አወቅሁት። በእኛ ዘንድ የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ሰው ካርድ ሲያወጣ፣ ቀኑ መስከረም አንድ ተብሎ ይጻፋል። ከገጠር የሚመጣው፣ ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የሚመጣው፣ ከከተማውም እኩሌታው መስከረም አንድ ነው። እኔ ራሴ በእጄ፣ በአራት ወር ውስጥ፣ መስከረም አንድን ለቁጥር የሚያታክት ጊዜ ጽፌ ነበር። ቁልፍ ሠርቻለሁ ብዬ ያሰብኩት ከተማው ሁሉ በኪሱ የያዘውን ቁልፍ ነው። ዓመቱን ደግሞ ሰው ይሳሳተዋል ብዬ እንዳይጠይቅ አድርጌዋለሁ።

«መስከረም አንድ» አልኳት።

«ዝጋው።»

«ዶክተሩ አዲስ አበባ ነው። ሳላስፈቅደው...»

«ዝጋው።»

ልዘጋው ብነሳ ኔትዎርክ የለም። በዚያን ሳምንት ኔትዎርኩ ይሄዳል፣ ይመጣል። ለእኛ ከሌለ ለእነሱም የለም፤ ለእኛ ሲመጣ ግን ለእነሱም ይመጣል። ስለዚህ ዝም ብሎ ከመጠበቅ በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። ለዶክተሩ ልደውል ሞከርኩ፤ እሱም አይሠራም። አርየት የካርድ ክፍሉን ቆልፋ አንድ ወንበር ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች። ባለ ወረፋዎቹ ሲያንኳኩ፣ «ተቀመጡ» ትላለች እንጂ አትነሳም። በሥራ ሰዓት መስኮት ዘግታ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

የቆርቆሮው ጣሪያ ከላይ ይጋግረናል። ላቧን በአንገቷ ፎጣ እየጠረገች ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አልነቀለችም። ለምን እንዲህ እንደሆነች ጠየቅኋት። ትመልሳለች ብዬ አልጠበቅሁም።

«እህት ነበረችኝ» አለች። «ካርዷን አንድ ሠራተኛ አይቶ ሚስቱ ጋ አወራ። ሚስቱ ወንዝ ዳር አወራች። ከዚያ ማንም ከእህቴ ጋር ውሃ አልቀዳም። ለብቻዋ ትሄዳለች፣ ለብቻዋ ትመለሳለች። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ወሬ ብቻ ነው ያወራው።»

«ምን ነበረባት?» አልኩ፣ ሳላስብ።

 ዞር ብላ አየችኝና ተመልሳ ወደ ኮምፒውተሩ አየች። ፊቴ እንደ ልጅ ፊት ጋለ።

ኔትዎርኩ የመጣው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ገጹን መዝጋት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር አደረግሁ። የባለስልኩን ቁጥር ጻፍኩ፤ መስከረም አንድ አልኩ። ተከፈተ። አምስት ስሞች ተራ በተራ ወጡ። ከአንዱ ስም አጠገብ የነገ ቀጠሮ ነበር። አነበብኩት። ከዚያ ዘጋሁት።

«አየህ» አለች አርየት። ጥያቄ አልነበረም።

«አየሁ።»

«ለምን?»

«በእርግጥ ይከፈት እንደሆነ ለማረጋገጥ።»

«ለዚህ ነው?»

እዚህ ላይ ነገሩን በሌላ መልክ ልጽፈው እችል ነበር። ግን ልጆቼም ያነቡታል። «አይደለም» አልኳት። «ማን እንደሆነች ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ተነስታ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። «አንተ አልዋሽም ትላለህ» አለች። «ጥሩ ነው። አሁን ዝም ማለት ተማር።»

ሄዳ መስኮቱን ከፈተች።

ዶክተሩ ሲመለስ ተቆጣ። እሱ ሳይፈቅድ ገጹ ለምን እንደተዘጋ ሲጠይቀኝ አርየት ገብታ፣ «ዝጋ ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው። እኔም ጥፋቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ እርሳሱን፣ መስከረም አንድን፣ ማየቴንም። ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ አርየትን፣ «እሺ፣ ምን ይደረግ?» አላት። እሷ ተናገረች፤ እኔ ጻፍኩ። በኮምፒውተሩ ላይ «ስልኩ የማን ነው?» የሚል ቦታ ተሠራ፤ ስልኩ የታካሚው የራሱ ካልሆነ ምንም መልእክት አይሄድም። የሚሄደውም ቢሆን የአገልግሎቱን ዓይነት አይናገርም። ቀጠሮ የሚያሳየው ገጽ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ድረ ገጹ ላይ ያለው የሥራ ሰዓት፣ የአገልግሎት ዝርዝርና የባዶ ወንበሮች ፎቶግራፍ ነው። ዶክተሩ ለእንግዶች ሲያሳይ፣ «በአገሩ ውስጥ እንደዚህ ዝም ያለ ድረ ገጽ የለም» ይላል፤ ሲቀልድ ይሁን ሲኮራ አይታወቅም።

ባለስልኩ በዚያ ቀን ምንም አላገኘም። ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። በቤቱ አምስቱም ሴቶች ተጠረጠሩ። ለወራት ከዚያ ግቢ ወደ ክሊኒኩ የመጣ ሰው አልነበረም፤ የታመመ ሕፃን እንኳ ሌላ ቦታ እንደተወሰደ ሰምተናል። ስለዚህ ሁሉም በሰላም አለቀ ብዬ አልጽፍም። አንዷ እንዳትያዝ አምስቱ ከበዳቸው።

እኔም ላይ የቀረ ነገር አለ። ያቺን ሴት በስም አውቃታለሁ፤ ከዚያ በፊት ገበያ ላይ ሰላም እላት ነበር። ካወቅሁ በኋላ ሳያት ዓይኔን መሬት ላይ እጥላለሁ። የምትደብቀውን እንዳየሁባት አታውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ሚስት ከባሏ፣ ልጅ ከወላጅ መደበቅ አይገባም ብዬ ያን ጊዜ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። ለአርየት አንድ ጊዜ ይህንኑ ነግሬያት፣ «እመን። ግን ካርድ ላይ አትጻፈው» አለችኝ።

አርየት ስትታመም ሥራዋን ትታ አቦቦ ወደ እህቷ ልጆች ሄደች። በምን እንደታመመች ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ከሄደች በኋላ ካርድ ክፍሉ ውስጥ የተተካችው ወጣት ሥራዋን በደንብ ትሠራለች። የኖራው መስመርም ሁለት ጊዜ ተደምስሶ ሁለት ጊዜ አስምሬዋለሁ።

ቀብሯ በተፈጸመ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባለስልኩ ቤቴ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ጢሙ ሸብቷል። ግቢዬ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ወንበር አወጣሁለት። ውሃ ጠጣ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፑኝዶ መንገድ መበላሸት አወራን። ከዚያ፣ «ታማ ሳለች አቦቦ ድረስ ሄጄ ነበር» አለኝ።

«ልትጠይቃት?»

«ልጠይቃት። ነገሩንም ልጠይቃት። ይዛው እንዳትሄድ።»

«ምን አለችህ?»

«ሳቀች። ከዚያ ትራሴን አስተካክልልኝ አለች። አስተካከልኩላት።»

ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። እሱ ቀድሞ አቆመ።

«አቶ ጌታሁን፣ ያን ገጽ የዘጋኸው አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። ስሙንም አይተሃል ይላሉ። ማን እንደሆነች አልጠይቅህም። ያ አልፏል፤ የወንድሞቼ ጉዳይ የራሳቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሚስቴ አይደለችም በለኝ።»

ይህ ሰው በዚያ ረፋድ መስኮቱ ላይ የጮኸው ሰው አልነበረም። ስለ አምስት ሴቶች ሳይሆን ስለ አንዷ ነበር የሚጠይቀው፤ የሚጠይቀውም ለመቅጣት አልነበረም። ሕይወቴን ሙሉ የተጠየቅሁትን በእውነት ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መልሱንም አውቀዋለሁ። አንድ ቃል ነው። ያ ቃል በዚያው ቀን አንድ ቤት ሊያሳርፍ ይችል ነበር፤ ወይም ሊያፈርስ። የትኛውን እንደሚያደርግ ለሚያነበኝም አልናገርም። ምክንያቱም ስለ አንዷ «አይደለችም» ካልኩ የቀሩት አራት ይሆናሉ፤ ነገ ሌላው ወንድም መጥቶ በዚሁ ወንበር ይቀመጣል።

«አልነግርህም» አልኩት።

«አንድ ቃል እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ የማትዋሽ ሰው ነህ ይላሉ።»

«ለዚህ ነው የማልነግርህ።»

መሬቱን በጫማው ጫፍ ጫረው። የተናደደ አይመስልም ነበር፤ የደከመ ይመስል ነበር። አሳዘነኝ። ጥፋቱ ከመነሻው የእኔ እንደሆነ፣ ያ መልእክት በእሱ ስልክ መምጣት እንዳልነበረበት ነገርኩት። ያን ቀን ወጥቼ መናገር ይገባኝ የነበረውን ዘግይቼ ተናገርኩ። ራሱን ነቀነቀ፤ ይህ ለእሱ ምንም አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ካርድ ክፍል ሄደሃል። አቦቦ ሄደሃል። እኔ ጋ መጥተሃል። ሚስትህን ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ።

«አልጠየቅኋትም።»

«ለምን?»

«እውነቱን ብትነግረኝስ?» አለ።

ከዚያ ተነሳ፤ ስለ ውሃው አመሰገነኝ፤ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ቀስ እያለ ሄደ።